ክፉ ወሬ የሚነገረው መሪ

ከመርሳ፣ ከወልድያና ከገጠር ቀበሌዎች ሥራችሁን ትታችሁ እዚህ ውርጌሳ ተገኝታችኋል። የሰጣችሁኝ ርእስ «ለተሻለ አመራር የስሜት ብልህነትን መመዘንና ማሳደግ» ይላል። መጀመሪያ ሳነበው የሥልጠና አዳራሽ፣ የውሎ አበል መፈረሚያ ወረቀትና ከምሳ በኋላ የሚመጣ እንቅልፍ ነበር የታየኝ። ነገሩን ሳስበው ግን ለእናንተ ለወሎ ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ከመጽሐፍ ብቻ መጥቀስ ነውር መሰለኝ። ስለዚህ ከደጃችሁ እጀምራለሁ።

የምናገረው በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ነው። አንድ መሪ ስሜቱን በብልሃት የሚይዝ መሆን አለመሆኑን ራሱ ሊመሰክር አይችልም፤ የሚያውቁት ከሥሩ የሚሠሩት ናቸው። እነሱም በአንደበታቸው ከሚሰጡት ምስክርነት ይልቅ የሚያደርጉትን ማየት ይሻላል። ክፉ ወሬ ሲኖር ቶሎ ሄደው ይነግሩታል ወይስ እስኪፈነዳ ይደብቁታል? ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ወደ ሁለት የታሪክ ቦታዎች እወስዳችኋለሁ። ቀጥዬ ሊቃውንቱ ስለ መመዘኛው የሚሉትን፣ ከዚያም እኛው አገር ውስጥ ለብዙ ዓመት የሞከርነውን ግምገማ እናያለን። ማሳደጉን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የምንወስደውም እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአምባሰል ተራሮች ወዲያ መቅደላ አለች። በ1857 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ 10 ዓመት በእጃቸው ያቆዩአቸው ወጣቱ የሸዋ አልጋ ወራሽ ምኒልክ ከአምባው ሌሊት አምልጠው ወደ ወረ ሂመኖዋ ገዥ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ገቡ። የወይዘሮ ወርቂት ልጅ በዚያው በመቅደላ እስረኛ ነበር። እንግዳውን አስረክበው ልጃቸውን ማስመለስ ይችሉ ነበር፤ ይህንንም ሳያስቡት አልቀሩም። ቴዎድሮስ ግን ጊዜ አልሰጡም። ምኒልክ ማምለጣቸውን፣ ወርቂትም መቀበላቸውን እንዳወቁ በንዴት የወርቂትን ልጅ ከሌሎች የወሎ መኳንንት ጋር አስገደሉ።

እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ልጁ በሕይወት እያለ ቴዎድሮስ በእጃቸው ትልቅ መደራደሪያ ነበራቸው። በዚያ አንድ ቀን ቁጣ መደራደሪያውንም፣ ምኒልክንም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የወሎን ሰው ልብ አጡ። ከ3 ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሥር ሲደርስ የወሎ ባላባቶች ሰዎች ማምለጫውን በሮች ዘግተው ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ፣ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሲሠዉ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ቴዎድሮስ አእምሮ ያነሳቸው ሰው አልነበሩም። መሳፍንት የተቀራመቱትን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ፣ መንገድ ያስጠረጉ፣ መድፍ ያሠሩ ሰው ናቸው። በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊዎች ግን አንድ ነገር አስተውለዋል። ቁጣቸውን የሚያበርዱላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበችና እንግሊዛዊው ወዳጃቸው ጆን ቤል። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. አረፉ፤ ቤል በ1853 ዓ.ም. ተገደለ። ከዚያ በኋላ «ጃንሆይ፣ ዛሬን ይለፉት፣ ነገ ይወስኑ» ብሎ በድፍረት የሚናገር ሰው ማግኘት እየከበደ ሄደ። እኔ ከመቅደላው ታሪክ ሁሉ ይህን ክፍል ነው የማስበው። የንጉሡ ጠባይ ከሰማይ የወረደ ዕጣ አልነበረም፤ በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎች ሲለወጡ አብሮ ተለወጠ።

አሁን ደግሞ ወደ ወይዘሮ ወርቂት እንመለስ። የልጃቸውን ሞት ሰምተዋል። ለዚያ ሞት ሰበብ የሆነው እንግዳ እቤታቸው ተቀምጧል። ሐዘንን በቅርብ ባለ ሰው ላይ መወጣት የተለመደ ነው፤ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን ምኒልክን አጃቢ ጨምረው ወደ ሸዋ ሸኟቸው። ፖለቲካ አለበት ትሉኛላችሁ፤ አዎ፣ አለበት። በቴዎድሮስ ላይ የሚነሣ ጠላት ለሸዋ ማትረፋቸው ጥቅማቸው ነበር። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ልጇን በዚያ ሳምንት ያጣች እናት ጥቅሟን አጥርታ ማየት መቻሏ ያስደንቀኛል። ሐዘኑ አልጠፋም። ሐዘኑ ውሳኔውን አልወሰነም።

እዚህ ጎረቤታችን ውጫሌ ላይ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል ያመጣውን ጣጣ አላነሳም፤ ከኔ ይልቅ እናንተ ትተርኩታላችሁ። ያ ወጣት እስረኛ ንጉሠ ነገሥት ከሆነ በኋላ በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ያደረገውን ብቻ ልጥቀስ። እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ላይ የብዙ ኢትዮጵያውያን ደም ፈስሷል። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ተይዞ ጣሊያኖቹ በጥም ሲቃጠሉ ምሽጉን ለቀቁ። የተቆጣ ሠራዊት ከፊት ለፊት ቆሞ ሳለ ምኒልክ ከነመሣሪያቸው፣ ጭነት የሚሸከምላቸው በቅሎ ጨምረው አሰናበቷቸው። ይህም ደግነት ብቻ አልነበረም፤ ከተለቀቁት ጋር ጎን ለጎን ሠራዊታቸውን ወደ ዐድዋ አቅጣጫ አዛውረውበታል። በቴዎድሮስ እጅ ወደ 10 ዓመት የአንድን ታላቅ ሰው ቁጣ በቅርብ ሲያይ ያደገ ልጅ ምን ተምሮ ይሆን? መልሱን ለእናንተ ልተው።

የመጀመሪያው ክፍል ይኸው ነው። ወደ ሊቃውንቱ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ምሁራን ስሜትን ማወቅና መያዝ እንደ ሒሳብ ወይም እንደ ቋንቋ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው ብለው ጻፉ። በኋላ አራት ነገሮችን ለዩበት፤ በራስና በሌላው ላይ ያለውን ስሜት ማየት፣ ስሜትን ለማሰብ መጠቀም፣ ስሜት ከምን ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ መረዳት፣ በመጨረሻም መግራት። በ1995 ዳንኤል ጎልማን የተባለ ጸሐፊ ይህን ሐሳብ ለሰፊው ሕዝብ በመጽሐፍ አቀረበው፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የሥልጠና ገበያው ደራ። ገበያ ሲደራ ደግሞ ሸቀጡ ይጋነናል። የስሜት ብልህነት ከትምህርትና ከሙያ ሁሉ ይበልጣል የሚለውን ወሬ ማስረጃው አይደግፈውም። በ2010 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን የደመረ ምርመራ የሚያሳየው ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከሰው ጋር መዋል ሥራቸው በሆነ ሰዎች ዘንድ መሆኑን ነው። መምህር፣ ነርስ፣ ባለ ጉዳይ የሚቀበል ሠራተኛ፣ ሰው የሚመራ ሁሉ ከዚህ ይቆጠራል። ብቻውን ብረት ለሚበይድ ሰው ብዙም ለውጥ አያመጣም።

መመዘኛውስ? ባጭሩ ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው እንደ ፈተና ነው። ፎቶግራፍ ያሳዩና «እዚህ ፊት ላይ ምን ያህል ቁጣ፣ ምን ያህል ፍርሃት ይነበባል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ትክክል የሚባለው ብዙ ሰው ወይም ባለሙያዎቹ የተስማሙበት መልስ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ግን ያስቸግራል። የወሎ ገበሬ ሹም ፊት ሲቆም ፊቱን እንዲያነቡት አያቀርበውም። የጋቢውን ጫፍ ወደ አፉ ያስጠጋል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፣ የሚከፋውን ነገር ፈገግ ብሎ ይቀበላል። እኛ ዘንድ ስሜት የሚነበበው ከፊት ይልቅ ከአቋቋም፣ ከድምፅ አወራረድ፣ ቡና ሲጠራ ከመቅረት ነው። የውጭ አገር ሰዎችን ፎቶግራፍ አንብቦ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ባለሥልጣን የራሱን ጸሐፊ ፊት ላያነብ ይችላል።

ሁለተኛው ራስን በራስ መመዘን ነው። «ቁጣዬን እቆጣጠራለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይሰጥሃል፤ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ትሰጣለህ። ይህ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በየሥልጠናው የሚታደለውም እሱ ነው። ለመሪ ግን ከሁሉ ደካማው ነው እላለሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዴቪድ ዳኒንግና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ምክንያቱን ያሳያል። ለአመራር በሚማሩ ሰዎች ላይ ፈተናውን ሰጥተው፣ ሰዎቹ ውጤታቸውን እንዲገምቱ ጠየቁ። ከሁሉ ያነሰ ያገኙት ችሎታቸውን ከሁሉ ይበልጥ አጋንነው ገመቱ። ውጤቱ ሲነገራቸው ደግሞ ፈተናው ትክክል አይደለም አሉ፤ የሚያሻሽሉበትን መንገድ ለማወቅም ፍላጎት ያልነበራቸው እነሱው ነበሩ። እንግዲህ ሥልጠናው በፈቃደኝነት ሲሆን ማን እንደሚመዘገብ አስቡት። የሚያስፈልገው ሰው ውጭ ቆሞ ስልክ ያወራል።

ሦስተኛው ሌሎች እንዲመዝኑህ ማድረግ ነው፤ አለቃህ፣ እኩያህ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሥርህ ያሉት። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ለምን እንደሆነ ለማሳየት በደጃችን ወደሚያልፈው ዋና መንገድ ልውሰዳችሁ።

በ1965 ዓ.ም. ከመካከላችሁ በዕድሜ የገፋችሁት እንደምታስታውሱት፣ ከየጁና ከራያ የተነሣ ገበሬ ይህን የደሴና የወልድያ መንገድ ሞላው። አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ለመነ። ከዚያ በላይ የሚታይ ነገር የለም፤ መንገዱ የአገሪቱ ትልቁ የሰሜን መንገድ ነው፣ ባለሥልጣንም ነጋዴም ያልፍበታል። ወሬው ግን አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። የምክትል ወረዳው ሹም ለወረዳው፣ ወረዳው ለአውራጃው፣ አውራጃው ለጠቅላይ ግዛቱ ሲያስተላልፍ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ያለዝበዋል። «ርሃብ» የነበረው «የእህል እጥረት» ይሆናል፤ «እጥረት» የነበረው «በቁጥጥር ሥር ያለ ሁኔታ» ይሆናል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚህ መጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ ለተማሪ ሲያሳዩ መንግሥት አልወደደም። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት ከዚያ በኋላ ነው። ያው ፊልም በ1967 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ዕለት ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ፤ መስከረም 2 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ደርግም በተራው ያንኑ በዚሁ ምድር ላይ ደገመው፤ በመስከረም 1977 10ኛ ዓመቱን በደመቀ በዓል ሲያከብር ወሎ ዳግመኛ እየተራበ ነበር።

እነዚያን ሹማምንት ሁሉ ርኅራኄ የሌላቸው አድርጎ መሳል ቀላል ነው። ከመካከላቸው ማታ እንቅልፍ ያጣ አይጠፋም። ግን የበላያቸው ክፉ ወሬ ይዞ የመጣን ሰው እንዴት እንደሚያስተናግድ ያውቁ ነበር። «ግዛትህን መቆጣጠር አቃተህ?» ይባላል። ስለዚህ ወሬውን የሚያለዝበው የሹሙ እጅ ቢሆንም፣ እጁን የሚመራው የበላዩ ፊት ነው። የመሪ ስሜት አያያዝ የግል ጠባይ ጉዳይ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ አስተዳዳሪ ክፉ ወሬ ሲሰማ የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ የሚያሳየው ፊት፣ በሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል እውነት እንደሚሰማ ይወስናል። ስለ መመዘን የምለው ዋናው ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደ ግምገማ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ላይ፣ በትግል ሜዳ ተጀምሮ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ መሥሪያ ቤቱ፣ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ቀበሌው የገባው ግምገማ በሐሳቡ ትልቅ ነገር ነበር። የበታች ሠራተኛ ተነሥቶ አለቃውን ፊት ለፊት «እንዲህ አድርገሃል» ይላል። ከውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚገዛው ዙሪያ መለስ ምዘና ከዚህ የተለየ አይደለም። ታዲያ ለምን ከሸፈ? ሰብሳቢው መድረኩን ሲከፍት የነበረውን ዝምታ የምታስታውሱት ታውቃላችሁ። አንዱ ብእሩን ይከፍታል ይዘጋል፣ ሌላው ማስታወሻው ላይ አበባ ይሥላል። መጀመሪያ የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚመታ፣ ማን እንዳዘጋጀው ሁሉም ያውቃል። ተገምጋሚው ደግሞ ግለ ሂሱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል፤ «የአመለካከት ክፍተት ነበረብኝ፣ ጓዶች በሰጡኝ ሂስ አርማለሁ»። ክፍተቱ ምን እንደሆነ፣ ማን ላይ ምን እንዳደረሰ ማንም አይጠይቅም። ውጤቱም ከሹመትና ከመነሣት ጋር የታሰረ ስለሆነ ሂስ መሣሪያ ሆነ፤ ቂም ያለው ሰው ተራውን ይጠብቃል።

ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም ሥራ ላይ ሊውሉ ይችላሉ። የመሪን የስሜት አያያዝ የሚመዝን ነገር ከደመወዝ፣ ከደረጃ እድገትና ከሹመት መለየት አለበት፤ ለመማሪያ ብቻ ይሁን። ሁለተኛም መልሱ የማን እንደሆነ መታወቅ የለበትም። ትንሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህ ከባድ ነው፤ ጥቂት ሠራተኛ ባለበት የጤና ኬላ ወይም የቀበሌ ጽሕፈት ቤት የእጅ ጽሕፈት ይታወቃል። እንዲህ ባለ ቦታ ከሌላ ቀበሌ የመጣ፣ ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሰው አንድ በአንድ አነጋግሮ ጭብጡን ብቻ ለመሪው ቢነግረው ይሻላል። ሽማግሌ በዚህ አገር የሚሠራው ሥራ ነው፤ አዲስ ነገር አልጠየቅኩም።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደረስኩ፤ ማሳደግ።

በመርሳና በግራና አካባቢ መስኖ ያላችሁ፣ የመስኖውን ውሃ ተራ የሚዳኘውን የውሃ አባት ታውቁታላችሁ። ውሃው የጋራ ነው፣ ተራው በቀንና በሌሊት የተከፋፈለ ነው። አንዱ ሌሊት ተነሥቶ ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ ይሰብረዋል። ሲነጋ ባለ ተራው የሽንኩርት ችግኙ ጠውልጎ ያያል፣ አካፋውን ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጠብ ላይ ጥሩ የውሃ አባት የሚያደርገውን አስተውላችሁ ከሆነ የሚጀምረው ከመስማት ነው። ሁለቱንም በአንድ ላይ አያናግርም። ባለ ተራው እስኪጨርስ ይናገራል፤ «አዎ፣ ያናድዳል፣ ልጅ የሚያበላ ሰው ችግኙ ሲደርቅበት ያናድዳል» ይለዋል። ከዚያ ቦዩን በእግሩ ሄዶ ያያል። መሄዱ ለመረጃ ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ እስኪበርዱ ጊዜ መግዣ ነው። ቅጣቱ ከሰዓት በኋላ ወይም በማግስቱ ይነገራል፤ ያውም በአጥፊው ጎረቤቶች ፊት፣ ስድብ ሳይቀላቀልበት። ሰውዬው ነገም ከዚያው ቦይ ውሃ ስለሚጠጣ ክብሩን ገፎ ማስቀመጥ የውሃ አባቱን ሥራ ነው የሚያከብደው።

እዚህ ውስጥ ሊቃውንቱ የሚሉት ሁሉ አለ፤ ስሜቱን በስሙ መጥራት፣ ጊዜ መግዛት፣ ድርጊቱን ከሰውየው መለየት። የውሃ አባቱ ይህን ከየት ተማረው? ከሥልጠና አይደለም። በልጅነቱ አባቱ ወይም አጎቱ ሲያስታርቅ ቁጭ ብሎ ሰምቷል፤ ከዚያ ራሱ ሞከረ፣ ሲያጠፋ ሽማግሌ ወቀሰው፣ እንደገና ሞከረ። ስሜት የመያዝ ችሎታ የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው። ለሦስት ቀን ሥልጠና አዳራሽ ገብቶ የወጣ ሰው ቃላቱን ይዞ ይወጣል፤ ጠባዩ ግን የሚለወጠው አንድን ልማድ መርጦ ወራት ሲለማመድና የሚታዘበው ሰው አጠገቡ ሲኖር ነው። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ብሆን ከአንድ ነገር እጀምር ነበር፤ ስብሰባ ላይ መጨረሻ መናገር። መጀመሪያ ከተናገርኩ የሚቀጥሉት መምህራን ሁሉ እኔን ያስተጋባሉ። ሁለተኛ፣ በንዴት የጻፍኩትን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሳላትም ማሳደር። ማህተሙ ከቁጣው ጋር በአንድ መሳቢያ መቀመጥ የለበትም።

ይሁንና ሽምግልናውን ስናወድስ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እኛ ብዙ ጊዜ ትዕግሥት የምንለው መዋጥን ነው። «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ሴቲቱን «ቻይው» እንላታለን፤ ወጣቱን «ከታላቅህ ፊት» እንለዋለን። ጄምስ ግሮስ የተባለው የስታንፎርድ ምሁርና ባልደረቦቹ ስሜታቸውን በፊታቸው እንዳያሳዩ የታዘዙ ሰዎችን አጥንተዋል፤ ፊታቸው ዝም ሲል ሰውነታቸው የበለጠ ይሠራል፣ የተነገራቸውን ነገርም ያነሰ ያስታውሳሉ። ነገሩን ከሌላ ወገን አይተው የተረጎሙት ግን ይህ አልደረሰባቸውም። በወሎኛ ልንገራችሁ፤ «ለምን እንዲህ አለኝ? ምናልባት ልጁ ታሞበት ይሆናል» ብሎ ያሰበ ሰው ቁጣው ራሱ ይቀንሳል። ጥርሱን የነከሰ ሰው ግን ቁጣው አለ፤ ማታ ቤቱ ይወጣል፣ ወይም ከስድስት ወር በኋላ በዝውውር ደብዳቤ ይወጣል። በሚስቱና በሠራተኞቹ ኪሣራ የሚገዛ ትዕግሥት ካለ እሱን ብልህነት አልለውም። ታጋሽነትን ከደካማው ብቻ የሚጠይቅ ባህል ደግሞ መሪውን አያስተምረውም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ስሜትን ማንበብ የሚችል ሁሉ ደግ አይደለም። ስቴፋን ኮቴ የተባለ ምሁርና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 እንዳሳዩት ስሜትን የመግራት ዕውቀት ያለው ሰው ሕሊና ካለው የበለጠ ያግዛል፤ ሰውን ለራሱ ጥቅም መጠቀም የሚወድ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይጎዳል። ሰው የሚፈራውን የሚያውቅ ሹም በዚያው ፍርሃት ሊነዳው ይችላል። ይህን ያላየ ሰው በመካከላችን የለም። ስለዚህ ሹመት ስትሰጡ በዚህ ችሎታ ብቻ አትምረጡ።

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ መዝጊያው እሄዳለሁ። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ይህ መንገድ የጦር መንገድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ይህ ምድር ዕረፍት አላገኘም። ዛሬ እዚህ የተቀመጠ መሪ የሚመራው ሐዘንተኛ ሰው ነው፤ ራሱም ሐዘንተኛ ነው። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሰነፍ ላይሆን ይችላል። ክፉ ቃል የሚለፈልፍ ባለ ጉዳይ ባለጌ ላይሆን ይችላል። ወሎ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ትምህርት አለ። ለቅሶ ቤት ስንገባ ንግግር አናደርግም፤ እንቀመጣለን። ሸኹም ቄሱም አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ፤ ሐዘንተኛው ሲናገር ይሰሙታል፣ ዝም ሲል ዝም ይላሉ። አንድ ኃላፊ ሠራተኛው ቤት ለቅሶ ሄዶ አንድ ሰዓት መቀመጡ ከብዙ የማበረታቻ ስብሰባ የበለጠ እምነት ይገዛለታል። መቅረቱም እንዲሁ ለዓመታት ይታወሳል።

እንግዲህ የሚሠራበትን ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ አራት ጥያቄ ብቻ እሰጣችኋለሁ። ራሳችሁ አትመልሷቸው፤ ከበታቻችሁ ላሉት ስጧቸው። ኃላፊያችን ጥፋት ስንነግረው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ባለፉት ሦስት ወራት ልንነግረው ፈልገን የተውነው ነገር ነበር? ሲቆጣ በጥፋቱ ላይ ነው የሚቆጣው ወይስ በሰውየው ላይ? ተሳስቶ ይቅርታ ሲጠይቅ አይተነው እናውቃለን? መልሱ በታይፕ ተጽፎ ወይም በታመነ ሰው ቃል ይምጣ። መሪው ከአራቱ አንዱን ብቻ መርጦ ሦስት ወር ይሥራበት፤ ከሦስት ወር በኋላ እነዚያኑ ጥያቄዎች ድገሙ።

በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ወረቀት «ምንም ችግር የለም» ብሎ ከመጣላችሁ አትደሰቱ። ያ ውጤት የሚነግራችሁ ሠራተኛው ገና እንዳላመናችሁ ነው፤ በሁለተኛው ዙር አንድ ሁለት ቅሬታ ከታየ መሻሻል ጀምሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቅሬታውን ማን እንደጻፈው ለማወቅ አትሞክሩ፤ የመጀመሪያው ፈተና እሱ ነው። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ የተቀመጣችሁት ቅደሙ።